ደከም ብለዋል

ስልክ አንስቼ ከወዲያ ያለው ሰው ገና ከሰላምታው «ሁሉም ደህና ነው፤ አትደንግጪ» ሲለኝ ነው የምደነግጠው። የሚያስደነግጥ ነገር ከሌለ ምን ብሎ አትደንግጪ ይለኛል? እንዲህ ሆኜ ቀረሁ እንግዲህ። ሰው ሲያናግረኝ ቃሉን ትቼ ከበስተጀርባው ያለውን ስፈልግ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ሰልችቶኛል። እውነቴን ነው፣ ሰልችቶኛል፤ ግን ሌላ አነጋገር ማን አስተማረኝ?

ያደግሁት ጃናሞራ ነው፤ ከመካነ ብርሃን ወዲያ በእግር በሚኬድበት የገብስ አገር። እኛ ዘንድ ሰው የፈለገውን ነገር አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። ሞፈር ሊዋስ የመጣ ጎረቤት ቁጭ ብሎ ስለ ውርጩ ያወራል፤ ስለ ታመመችው ላም ያወራል፤ የቀረበለትን ጠላ ይጠጣል፤ ተሰናብቶ በሩ ላይ ሲደርስ ነው «የእኔዋ ሞፈር እኮ ተሰነጠቀች» የሚለው። አባቴ ደግሞ «ጓሮ አለችልህ» ይሉታል፤ በቃ። የለመነ የለ፣ የሰጠ የለ፣ ያፈረም የለ። ልጅ ሆኜ ይሄ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል፤ ብቻ ጨዋነትም ያደክማል።

አግብቼ ጎንደር ስገባ ከተማ ነውና ነገሩ ይቀላል ብዬ ነበር። የባሰ! አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኔ ላይ ቅር ሲላቸው የሚቆጡት ድመቷን ነበር። «አንቺ፣ ፀሐይ እስኪሞቅሽ ትተኛለሽ? ቤቱን ማን ይጥረግልሽ?» ይሏታል። ድመቷ ምን በወጣት? ሌሊቱን አይጥ ስታባርር ያደረች ፍጥረት! እኔ ተነስቼ እጠርጋለሁ። አማቴና እኔ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም። ስድቡን ሁሉ የጠገበችው ድመቷ ነች።

የዚህ ሁሉ አለቃ ግን መርዶ ነው። ዘመድ የሞተበትን ሰው «ሞተብህ» አይሉትም። «ትንሽ አሟቸዋል፤ ብትመጣ ጥሩ ነው» ይሉታል። ሳይበላ አያረዱትም፤ ሆዱ ባዶ ከሆነ ሐዘኑ ይጥለዋል። በምሽት አያረዱትም። ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ በሩን አንኳኩቶ ይገባል። ለደግ ነው፤ አልክድም። ግን ለደግ የተባለው ነገር እኔን እናቴን ሳልቀብር አስቀርቶኛል። «አሟታል» ተብዬ ስሄድ ሣልስቷ አልፎ ነበር። ወንድሞቼ ቀደም ብለው ስላለቁ የቀሩኝ አባቴ ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከእግዜር የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ አባቴን በሕይወታቸው ደርሼ እንድሰናበታቸው። ሌላው ይቅርብኝ አልኩ።

ሞባይል ወደ ገጠር በገባበት ሰሞን አባቴ ታመሙ። በዚያን ጊዜ እኔ ከባለቤቴ ጋር ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በፀዳ ከተማ ቤት ሠርተን፣ በር ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍቼ እኖራለሁ። መንደራችን ውስጥ ስልክ የነበረው የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አጎቴ። ሁላችንም «አያ» ነው የምንለው። ለመደወል ከቤቱ በላይ ያለውን አፋፍ መውጣት አለበት፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። የደወለው ግን ለእኔ አይደለም፤ ለባለቤቴ ነው። ወጉ ነዋ! ክፉ ወሬ ለራሷ ለሐዘንተኛዋ በቀጥታ ይነገራል?

«አባቷ ትንሽ ደከም ብለዋል። ብትመጣ ሸጋ ነው» አለው።

ባለቤቴ ስልኩን ዘጋና ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ። ይሄን ሁሉ የነገረኝ በኋላ ነው። ጥምቀት ባለፈ ማግስት ስለነበር ከቀሐ ጥምቀተ ባሕር ታቦት ሸኝተው የተመለሱ ዘመዶቹ ገና ከቤታችን አልተበተኑም። አንድ በአንድ እየጠራ እንዲህ አላቸው፦ አባቷ አረፉ። ዛሬ እንዳትሰማ። ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን፤ ከዚያ ሚኒባስ ይዘን እንሄዳለን። ሁሉም እሺ አለ። ቤቱ እንግዳ ሞልቶ ማንም እኔን በዓይኑ አያየኝም፤ እኔ ደግሞ ድግሱ አድክሟቸው ነው ብዬ ትራስ አቀርባለሁ።

ወደ ማምሻው ላይ ጎረቤቴ መጡ። ከአባት ከአያት ጀምሮ ጎንደር ገበያ በጨርቅ ንግድ የታወቁ እስላም ናቸው፤ ከጎናችን ቤት ከሠሩ ወዲህ አጥራችን አንድ ነው። ሥጋችን ስለማይገናኝ ሁልጊዜ የሚያመጡልኝ ምስር ነው። ያን ቀንም ምስር በሳህን ይዘው ከፊቴ ተቀመጡ።

«ብዪ።»

«ኧረ እትዬ፣ ጠግቤያለሁ። ቤቱ ምግብ ሞልቶ!»

«እኔ የሠራሁትን ካልቀመስሽ አልነሳም።»

ቀመስኩ። ቆጠብ ሳደርግ ራሳቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። ምነው ስላቸው ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ አሉኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ «አይዞዎ» አልኳቸው!

አጎቴ ሳይመሽ እንደገና ደወለ። ወሬው ያልደረሰ መስሎት ነው።

«ተነሳች?» አለው ባለቤቴን።

«ነገ በጠዋት አያ። ገብቶናል፤ አይዞህ፣ ጠንክር።»

«ምኑ ነው የገባችሁ? ኧረ ይጠሯታል! ዛሬ እንኳ ትንሽ አጥሚት ቀምሰዋል። በሕይወት አሉ እኮ ነው የምልህ!»

ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ ስልኩን ለወንድሙ አቀበለና እንባው ወረደ። «ማን ነው በሕይወት ያለን ሰው በሕይወት አለ ብሎ የሚደውል?» አለ። የተጠራጠሩም ካሉ በዚህ አመኑ። አጎቴ አፋፉ ላይ ሆኖ እውነቱን በጮኸ ቁጥር አባቴን ይበልጥ ገደላቸው።

ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው እግር ግቢያችን ውስጥ ስሰማ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። በሩ ሲከፈት የቀደሙት ሽማግሌ ገና «ልጄ፣ የእግዜር ሥራ…» ሲሉ ጮህኩ። እንደገና ሳልደርስ! እንደገና! ያን ጧት የተሰማኝን ሐዘን ብቻ ነው ብል ውሸት ነው፤ ንዴት ነው። ምድሩን በእግሬ ደበደብኩ። ትናንት ብትነግሩኝ ትናንት እሄድ ነበር አልኳቸው። «እህል እንኳ እንድትቀምሺ ብለን ነው» አለችኝ አንዷ። የምስሩ ነገር ያኔ ገባኝ። ቀና ብዬ ጎረቤቴን ሳያቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ጥቁር ለበስን፤ ነጠላችንን አዘቀዘቅን። በሚኒባስ እስከ ደባርቅ፣ ከዚያ በአይሱዙ እስከ መካነ ብርሃን፣ ከዚያ በእግር። የአባቴ ቤት ከሚታይበት አፋፍ ስንደርስ እንደ ወጉ ሙሾ አወረድኩ። ለቀስተኛ ቤቱ ሲታየው ነው ማልቀስ የሚጀምረው፤ ያሉት ወጥተው እንዲቀበሉት።

አባቴን በሕይወታቸው «አንቱ» ነበር የምላቸው። ፊታቸው ቆሜ ስለ ፍቅር ምናምን ተናግሬ አላውቅም፤ ማን ይናገራል? ሙሾ ላይ ግን «አንተ» ነው የሚባለው፤ ሙሾ ላይ ሰው ልቡን ይከፍታል። እኔም ከፈትኩ። አባቴ፣ አንተ ጋሻዬ፣ አልኩ። ኩፍኝ ይዞኝ ስቃጠል በጀርባህ አዝለህ እስከ ክሊኒኩ የወሰድከኝ፤ ለሴት ልጅ ይሄን ያህል ተጨነቀ እንዳይሉህ ሰው ሲጠይቅህ ጨው ልገዛ ነው ያልክ፤ ጨው ልገዛ ነው እያልክ ያለቀስክ፤ ጀርባህ ላይ ሆኜ ለቅሶህን የሰማሁ እኔ ነኝ፤ መቼ ነገርኩህ? ሳልነግርህ ሄድክብኝ! እያልኩ፣ ደረቴን እየመታሁ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሴቶቹ እየተቀበሉ ያዜማሉ። ተራራው ራሱ ያስተጋባልናል።

ከታች አንድ ሰው ሁለት እጁን እያወናጨፈ ሲሮጥ አየን። አጎቴ ነው።

«ዝም በሉ! ኧረ በማርያም ዝም በሉ! ይሰማሉ!»

«ማን ነው የሚሰማው?» አለው ባለቤቴ።

«ሟቹ ነዋ! ማን ሊሆን ነው!»

ሙሾው አፋችን ላይ ቀረ። ከኋላዬ ያለው ለቀስተኛ ማዘን ይሁን መሳቅ ጠፋበት፤ ሴቶቹ ጥቁራቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። እኔ ሮጥኩ። አባቴ መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ዓይናቸው ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ምነው ልጄ፣ ቸኮልሽ?» አሉኝ።

እግራቸው ሥር ወድቄ ሳቅሁ፤ አለቀስኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለቀስተኛው አፍሮ በማግስቱ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። አጥሚት አጠጣኋቸው፤ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ አሞቅኋቸው። ስለ ሙሾው ትንፍሽ አላሉም፤ እኔም አላልኩ። አንድ ቀን ግን እግራቸውን ሳጥብ፣ ማንም በሌለበት፣ ድንገት፦

«ጨዉንማ ገዝቼ ነበር» አሉ።

«አዎ አባቴ፤ ገዝተው ነበር።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ከአባቴ አፍ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ለእኔም በቂ ነበር።

እያገገሙ ሲመጡ ሱቄን ብዬ ተነሳሁ። አጎቴ እስከ አፋፉ ሸኘኝ። እዚያ፣ በሚደውልበት ቦታ አስቆምኩት።

«አያ፣ አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ከእንግዲህ ለእኔ ለራሴ ደውል። ካሉ አሉ በለኝ፤ ካረፉም አረፉ በለኝ። መሸፋፈን በቃኝ።»

«እኔማ ተቀጣሁ እኮ» አለ። «ያን ቀን እዚህ ቆሜ አሉ አሉ ብዬ ስጮህ ማን ሰማኝ? ማርያምን፣ እንዳለ ነው የምነግርሽ።»

ክረምቱ አልፎ፣ መስከረም ሊያልቅ አካባቢ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ነው፤ ለእኔው ለራሴ፣ እንደ ቃሉ።

«አያ፣ አባቴ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። «አባትሽ ደከም ብለዋል» አለኝ። «ብትመጪ ሸጋ ነው።»

«በሕይወት አሉ?»

«ነዪ ልጄ፤ ደከም ብለዋል አልኩሽ እኮ። መንገድ ላይ ግን አትቸኩዪ፤ ቀስ ብለሽ ነዪ።»

አመንኩት። ቃል ገብቶልኝ የለ? ለታመመ ሰው ቶሎ ድረሺ ነው እንጂ አትቸኩዪ እንደማይባል ልብ አላልኩም። ገበያ ወጥቼ ጥሩ ጥሩውን ብርቱካን መርጬ ገዛሁ፤ አባቴ ብርቱካን ይወዳሉ። ነጩን የአገር ልብሴን ለበስኩ። ባለቤቴ አብሬሽ ልሂድ አለኝ፤ ሥራህን አትፍታ አልኩት። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ዘጋው። ባለፈው በቁማቸው አስለቀሰባቸው ተብሎ ዘመድ ሁሉ የተሳለቀበት እሱ ነው፤ አሁን ምን ብሎ ይናገር? ጎረቤቴ ለአባትሽ ብለው በጠርሙስ ማር አመጡ። ያንን ምስርም ይዘዋል። ሳትበዪ አትሄጂም ሲሉኝ ሳቄ መጣ። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ይሄን ምስርዎን እፈራዋለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ቶሎ ብለው ወጡ።

መንገዱን ሁሉ ስጫወት ሄድኩ። አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት በቁም ያለ አባቴን ያለቀስኩበትን ቀን፣ አጎቴ «ሟቹ ነዋ» ያለበትን ስነግራት መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ «ታዲያ አሁን እንዴት ናቸው?» አለኝ። «ደከም ብለዋል» አልኩት። አሁን ሳስበው ሆዴ የሚቃጠለው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

አፋፉ ላይ ስደርስ ከአባቴ ቤት ደጅ ዳስ ተጥሏል። እግሬ መውረዱን አላቆመም፤ ዓይኔ አይቶ ልቤ እምቢ አለ። ዳሱ ውስጥ ያሉት ነጭ ለብሼ፣ ሳላለቅስ፣ ዘንቢል አንጠልጥዬ ስመጣ ሲያዩኝ ሐዘኑ አሳበዳት ብለው እሪ አሉ። ሙሾ አልወጣኝም። የነበረኝን ቃል ሁሉ ባለፈው ጨርሼዋለሁ። ዘንቢሉን አንዲት ሴት ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ብርቱካኑን ለለቀስተኛ ልጆች ሲያድሉት አየሁ።

አጎቴ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ገፋሁት።

«ውሸታም!» አልኩት፣ በሰው ፊት፣ አያዬን።

በእኛ አገር ታላቅን እንዲህ ያለ ሰው የለም።

«አዎ» አለ አጎቴ። «ማታ እህል ቀምሰው ተኙ፤ ጠዋት አልተነሱም። አረፉ ልልሽ ነበር አፋፉን የወጣሁት። እስከ ላይ ቃሉን ስለው ነው የወጣሁ። ‘አያ፣ አባቴ እንዴት ናቸው’ ስትዪኝ አፌ እምቢ አለኝ። ብቻሽን መንገድ ላይ… እስክትደርሺ ድረስ እንኳ አባት ይኑራት አልኩ።»

አልመለስኩለትም። ለብዙ ጊዜ አልመለስኩለትም። ለተዝካሩ ስሄድ ከሌላው ጋር ሰላም አልኩት፤ ለበዓል ሲደውል ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት። ክፉ ቃል ግን አልተናገርኩትም፤ ያቺ አንዷ ትበቃለች። እሱም ቅር አለኝ አላለም። ሲደውል ሁልጊዜ የሚጠይቀው ስለ ሱቄ ነው፤ ገበያው እንዴት ነው፣ ሰው ይገዛል ወይ። ባለቤቴ እየሳቀ «አያ ደግሞ ሱቅሽን ነው የጠየቀው» ይለኛል። ምን ሊል እንደፈለገ አውቃለሁ። ማወቁ ነው የሚያደክመው።

ዓመታት ሄዱ፤ ቁጣዬም አረጀ። ይቅር ያልኩትም መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ቀን ሲደውል ራሴው አነሳሁና «ገበያው ደህና ነው አያ» አልኩት።

በቅርቡ የደወለው ልጁ ነው። «እትዬ፣ ሁሉም ደህና ነው፤ አትደንግጪ» አለኝ። «አባዬ ትንሽ ደከም ብሏል። ብትመጪ ሸጋ ነው።»

«በሕይወት አለ?» ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። አለ ቢለኝ አምነዋለሁ? የለም ቢለኝስ እችለዋለሁ? እሺ፣ መጣሁ አልኩት። ጎረቤቴ እርጅናው ተጭኗቸው በምርኩዝ ነው የሚመጡት፤ ምስሩን ሳይለምኑኝ በላሁ። ከቦርሳዬ ግርጌ ጥቁር ቀሚሴን አጣጥፌ ከተትኩ። ከላይ ብርቱካን ሞላሁበት።

አፋፉ ላይ ስደርስ አላለቀስኩም፤ አልተጣራሁም። ቆሜ አዳመጥኩ። ውሻ ይጮሃል፤ ከዚያ በቀር ዝም ያለ ነው። ወረድኩ።

አጎቴ አባቴ በተኙበት መደብ ላይ ተኝቷል። አለ። ግን ፊቱ ሄዷል፤ ላየው ሰው ብዙ የሚቆይ አይመስልም። ልጁ ወጥቶ ብቻችንን ሲተወን ዓይኑን ገለጠ።

«እንዴት አየሽኝ?» አለኝ። «አንቺ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ።»

አያዬ ነው የጠየቀኝ። እውነቱንም አውቀዋለሁ። ቦርሳውን በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ መደቡ ሥር ገፋሁት።

«ምን ሆነሃል ደግሞ!» አልኩት። «ትንሽ ደከም ብለህ ነው እንጂ።»

ከንፈሩ ፈገግ አለ።

«ውሸታም» አለኝ።

ብርቱካን ልጬ አጎረስኩት።